ለብረቱ መድኃኒት፣ ለቆዳው መርዝ

አስኮ ቆዳ የሚታወቅበት ሰፈር ነው። ከአገራችን ዘመናዊ ቆዳ ፋብሪካዎች ቀደምት የሆነው በ1910 ዓ.ም. ገደማ የተቋቋመው በዚሁ አካባቢ ነው፤ የጥቁር አባይ ጫማ ፋብሪካም ከሰፈሩ ስም ጋር አብሮ ይነሣል። በአምቦ መንገድ ግራና ቀኝ ጫማ ሰፊና ሊስትሮ አይጠፋም። ስለዚህ አንድ የአስኮ ሰው ከአያቱ የወረሰው ዝናር ሲሰነጣጠቅበት ወይም የጠመንጃው ማንገቻ ደርቆ ሲቆራረጥበት «አድሱልኝ» ብሎ የሚሰጠው ሰው ለማግኘት ሩቅ አይሄድም። ለብረቱ ላምባና ግራሶ፣ ለቆዳው የጫማ ቀለምና ቅባት፣ ለእንጨቱ ቫርኒሽ ይገዛል። በግማሽ ቀን ውስጥ ዕቃው አዲስ መስሎ ይመለሳል።

ጉዳቱም የሚጀምረው ያኔ ነው። የጦር ጠመንጃ ከነትጥቁ ብረት፣ እንጨትና ቆዳ ተጣምረው የሚኖሩበት ዕቃ ነው፤ ሦስቱም የሚያረጁበት መንገድ የተለያየ ነው። ብረቱን ከዝገት የሚያድነው ዘይት እንጨቱን አጥቁሮ ያልፈሰፍሳል። ቆዳውን ለማለስለስ የሚቀባው ቅባት የናሱን ዘለበት አረንጓዴ ያደርገዋል። ቆዳው የያዘው አሲድና ለዓመታት የጠጣው ላብ ደግሞ ተመልሶ ብረቱን ያዝጋል። አብረው ለዘመቱት ለእነዚህ ሦስት ነገሮች የጋራ መድኃኒት የለም። ለምን እንደሌለ የተረዳ ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ብቻ ሳይሆን ምን አለመንካት እንዳለበትም ያውቃል።

የጠመንጃው ዘመን ምን ይነግረናል?

ጽዳት ከመጀመሩ በፊት መልስ የሚሻው ጥያቄ «ይህ የየትኛው ዘመን ጠመንጃ ነው?» የሚለው ነው። ጥያቄው ከታሪክ ፍቅር ያለፈ ጥቅም አለው። አፈሙዙ ውስጥ ምን ዓይነት ቆሻሻ እንደቀረ፣ በምን እንደሚታጠብም የሚወስነው ይኸው ዘመኑ ነው።

በ1868 ዓ.ም. ጉንደትና ጉራ ላይ ድል የተነሣው የግብፅ ጦር የታጠቀው አሜሪካ ሠራሹን ሬሚንግተን ነበር፤ ብዙው በዐፄ ዮሐንስ ሠራዊት እጅ ቀረ። ፈረንሳይ በ1874 እ.ኤ.አ. የሠራችው ባለ 11 ሚሊ ሜትሩ ጠመንጃ፣ ማለትም የእኛ ሰው ውጅግራ የሚለው፣ በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ወደቦች በኩል በነጋዴ ቅፍለት ወደ ደጋው ወጣ። በዚያ ንግድ ከተሳተፉት አንዱ በወጣትነቱ ግጥም መጻፍ የተወው ፈረንሳዊ ባለቅኔ አርተር ራምቦ እንደነበረ ይታወቃል፤ በ1887 እ.ኤ.አ. ለንጉሥ ምኒልክ ጠመንጃ ይዞ ሸዋ ገብቷል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ የጣሊያን ወታደር በብዛት ይዞት የቀረበው ባለ 10.35 ሚሊ ሜትሩ ቬተርሊ ሲሆን ከድሉ በኋላ በሺዎች የሚቆጠረው በኢትዮጵያውያን ትከሻ ላይ ዋለ።

እነዚህ ሁሉ ሲፈለሰፉ የታሰቡት ለጥቁር ባሩድ ነው። ጥቁር ባሩድ ሲነድድ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ክብደቱ ወደ ጋዝ አይለወጥም፤ ጥቀርሻና ጨው ሆኖ አፈሙዙ ውስጥ ይቀራል። ይህ ቅሪት ከአየር እርጥበት ይስባል። ያልታጠበ ጠመንጃ በክረምት በቀናት ውስጥ የሚዝገው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ትውልድ ጭስ አልባ ባሩድ የሚተኩሰው ነው። የፈረንሳይ ለበል፣ ባለ 6.5 ሚሊ ሜትሩ የጣሊያን ካርካኖና ባለ 7.92 ሚሊ ሜትሩ የቤልጅግ ማውዘር የዚህ ትውልድ ናቸው። በ1922 ዓ.ም. የቤልጅግ መኮንኖች ክቡር ዘበኛን ማሠልጠን ጀመሩ፤ በዚያ ዘመን ከኤፍ ኤን ፋብሪካ የተገዙት ማውዘሮች የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ምልክት የተቀረጸባቸው ነበሩ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የአርበኝነት ዘመን ደግሞ ካርካኖ ከጠላት እየተማረከ በየጫካው ተሠራጨ። የእነዚህ ጠመንጃዎች ባሩድ ንጹሕ ይሁን እንጂ በዘመኑ የጥይቱ መቀስቀሻ ፖታሲየም ክሎሬት የሚባል ውህድ ነበረበት። ውህዱ ሲፈነዳ የሚተወው ፖታሲየም ክሎራይድ ነው። ይህ ከገበታ ጨው እምብዛም አይለይም። ዘይት ደግሞ ጨውን አያሟሟም። ከተኩስ በኋላ አፈሙዙን በዘይት ብቻ የወለወለ ሰው ጨውን ከነእርጥበቱ ከዘይት ሥር ቀበረው ማለት ነው። ብዙ አሮጌ ጠመንጃ ከውጭ አምሮ አፈሙዙ ውስጡ የተበሳሳውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው ከ1940ዎቹ ዓ.ም. በኋላ የመጣው የአሜሪካ መሣሪያ ነው። ቃኘው ሻለቃ በኮርያ የተዋጋው በአሜሪካ ትጥቅ ነበር፤ በ1945 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር የተፈረመው ስምምነትም ኤም ዋን ጋራንድና ኤም ዋን ካርቢን በብዛት እንዲገቡ መንገድ ከፈተ። ከእነዚህ ውስጥ የካርቢኑ ጥይት ከመጀመሪያው ጨው በማይተው መቀስቀሻ የተሠራ ነው፤ ጠመንጃው የሚሠራበት የጋዝ ክፍል በቀላሉ ስለማይፈታና ስለማይታጠብ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ሕግ ቀላል ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ትውልዶች አፈሙዝ መጀመሪያ የሚሻው ሙቅ ውሃ ነው። ቀጥሎ ፈጣን ማድረቅ፣ በመጨረሻ ስስ ዘይት ይከተላል። ከሦስተኛው ካርቢኑ አብዛኛውን ጊዜ በዘይትና በብሩሽ ይበቃዋል። ዘመኑን ያላወቀ ሰው ሁሉንም እንደ መጀመሪያዎቹ ቢቆጥር አይጎዳም፤ ሁሉንም እንደ ካርቢኑ ቢቆጥር ግን ይጎዳል።

ከሁሉ በፊት ባዶነቱና ሕጋዊነቱ

በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ጠመንጃ ያለ ፈቃድ መያዝ ክልክል ነው። የአያት ቅርስ መሆኑ ከፈቃድ ነጻ አያደርገውም። ስለዚህ የመጀመሪያው ጉዞ ወደ ጫማ ሰፊ ወይም ወደ ብረታ ብረት ሠራተኛ መሆን የለበትም፤ ወደሚመለከተው የፖሊስ አካል መሆን አለበት። ወረቀቱ የተሟላ ሰው ደግሞ ከምንም በፊት ማቀባበያውን ከፍቶ ጥይት የሚጎርሰውን ክፍል በዓይኑም በጣቱም ይፈትሻል፤ ከሥር መጋዘን ያለው ከሆነም መጋዘኑን ያያል። ለብዙ ዓመታት ግድግዳ ላይ የኖረ ጠመንጃ ጎርሶ የተገኘበት ጊዜ ስላለ «ባዶ ነው ተብሏል» የሚል ቃል አያስተማምንም።

ዝናሩም ይፈተሻል። የተረሳ ጥይት በቆዳው ኪስ ውስጥ ከተገኘ፣ በተለይ ቀለሁ አረንጓዴ ሆኖ ከቆዳው ጋር የተጣበቀ ከሆነ፣ በጉጠት ወይም በካቻቢቴ መፈልቀቅ አደገኛ ነው። እንዳለ ይቀመጣል፤ ፖሊስ ይጠራል። አሮጌው ጠመንጃ ከታደሰ በኋላም ለተኩስ አይታሰብ። የመቶ ዓመት ብረት ውስጡ የደከመ መሆኑን ወለል ያለ ፊቱ አይናገርም። ግባችን ዕቃው ሳይፈርስ እንዲቆይ ማድረግ ብቻ ነው።

መፍታት

ሥራው የሚጀምረው በመለያየት ነው። ማንገቻው ከቀለበቱ ይፈታል፤ ሳንጃው ከአፎቱ ይወጣል፤ ዝናሩ ከጠመንጃው ርቆ ንጹሕ ጨርቅ ላይ ይዘረጋል። ከመፍታቱ በፊት ፎቶ ማንሳት፣ የትኛው ቀዳዳ ላይ የትኛው ዘለበት እንደነበረ መጻፍ ይገባል፤ ምክንያቱም ቆዳው ለዓመታት የታጠፈበት ቦታና ዘለበቱ ያተመው ጉድጓድ የተሸከመውን ሰው ቁመትና ልማድ ይመሰክራል።

የቆየ ማንገቻ አንዳንድ ጊዜ ከቀለበቱ አይወጣም። ቅባቱና የናሱ ዝገት አንድ ላይ ጠጥረዋል። በጉልበት ከተሳበ የሚበጠሰው ቆዳው ነው። እንዲህ ያለውን በኃይል ከማላቀቅ ይልቅ በብረቱና በቆዳው መካከል ስስ ፕላስቲክ ወይም አሲድ የሌለው ወረቀት አስገብቶ መተው ይሻላል።

ብረቱ

ከጦር ግምጃ ቤት የወጣ ትርፍ ጠመንጃ ብዙ ጊዜ ከላይ እስከ ታች በጠጠረ ግራሶ ተሸፍኖ ይገኛል። ይህ ግራሶ ጠባቂው ስለነበር መጥፎ ምልክት አይደለም። ለማስለቀቅ ነጭ ጋዝ፣ ማለትም ላምባ፣ ጨርቅ ላይ ነክሮ ደጋግሞ መጥረግ ይበቃል። ቤንዚን ፈጥኖ ስለሚተንና እሳት ስለሚስብ ለቤት ውስጥ ሥራ አይሆንም። ላምባው እንጨቱን እንዳይነካ ብረቱ ከእንጨቱ ቢለይ መልካም ነው፤ ነገር ግን ቡሎኑ የተቆለፈ ከሆነ ሳይፈቱ መተው ጭንቅላቱን ከማበላሸት ይሻላል። የካቻቢቴው አፍ ከቡሎኑ ስንጥቅ ጋር ልክ ለልክ ካልገጠመ ብረቱን ልጦ ያልፋል፤ ያ ጭረት አይመለስም።

ዝገት ሁሉ አንድ አይደለም። ቀዩ፣ ዱቄት መሰሉና ጣት ላይ የሚቀረው በሥራ ላይ ያለ ዝገት ነው፤ መቆም አለበት። ጥቁር ቡናማው፣ ለስላሳውና ብረቱን አጥብቆ የያዘው ግን ከዘመን ብዛት የተፈጠረ ልባስ ነው። ብረቱን ይሸፍነዋል እንጂ አይበላውም። ፋብሪካው ጠመንጃውን ያጠቆረበት ሽፋን ራሱ በቁጥጥር ሥር የተፈጠረ የብረት ኦክሳይድ መሆኑን ማስታወስ ይጠቅማል። ቀዩን ለማንሳት እጅግ ስስ የብረት ሱፍ በዘይት አርሶ ቀስ ብሎ ማሸት፣ ወይም ከብረቱ የለሰለሰ ናስ ቁራጭ ይዞ መፋቅ ይቻላል። ናስ ዝገቱን ያነሣል፣ ብረቱን አይጭርም። የወጥ ቤት ሽቦና ብርጭቆ ወረቀት ግን ዝገቱን ከነፋብሪካ ሽፋኑ፣ ከነቁጥሩና ከነማኅተሙ ይወስዱታል።

ሎሚ፣ ኮምጣጤ፣ ኮካ ኮላ፣ ከዚያም ሲብስ የባትሪ አሲድ፣ ዝገት ማስለቀቂያ ተብለው ይመከራሉ። ዝገቱን እንደሚያነሡ እውነት ነው። ችግሩ አሲድ ዝገትንና የጠመንጃውን ጥቁር ሽፋን ለይቶ አለማወቁ ነው፤ ሁለቱም የብረት ኦክሳይድ ናቸው። በአሲድ የታጠበ ጠመንጃ ነጭ ብረት ሆኖ ይወጣል። ከሳምንት በኋላ ከቀድሞው የባሰ ይዝጋል።

በውሃ የታጠበ አፈሙዝ የመጨረሻ ማለቅለቂያው የተጣራ ውሃ ቢሆን ይመረጣል። ነዳጅ ማደያ የሚሸጠው የባትሪ ውሃ ተብሎ የሚታወቀው ንጹሑ ውሃ ለዚህ ይሆናል፤ መጠንቀቅ የሚገባው አሲድ ከተቀላቀለበት ጠርሙስ ነው። ከደረቀ በኋላ የሚቀባው ዘይት ስስ መሆን አለበት። ዘይት ሲበዛ ወደ ሰደፉ ይወርዳል፤ ለዓመታት ሰደፉ ወደ ታች ቆሞ የኖረ ጠመንጃ ማቀባበያው አካባቢ ያለው እንጨት የሚጠቁረውና የሚልፈሰፈሰው በዚህ ነው።

እንጨቱ

እንጨቱ ላይ የሚፈጸመው ትልቁ ጥፋት መላግና ቫርኒሽ መቀባት ነው። የጦር ጠመንጃ እንጨት ከፋብሪካ ሲወጣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያብለጨልጭ ቫርኒሽ አልነበረበትም፤ የተለመደው ቅብ የተልባ ዘይት ነው። ተልባ ደግሞ በአገራችን ሞልቷል።

የተልባ ዘይት የሚጠቅመው ከአየር ኦክስጅን ወስዶ ቀስ በቀስ ወደ ጠንካራ ስስ ሽፋን ስለሚለወጥ ነው። ለምግብ የሚጨመቀው ጥሬው በጣም ቀስ ብሎ ይደርቃል። ለቀለም ሥራ የተዘጋጀው፣ ማድረቂያ የተጨመረበት፣ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይደርቃል። ኑግ ከዚህ ይደክማል፤ ሌላው የወጥ ዘይት እንዲያውም ሳይደርቅ ተጣብቆ አቧራ ይሰበስባል፤ ቅቤ ደግሞ ይሸታል፣ አይጥም ይጠራል። አቀባቡም ቀላል ነው፦ እንጨቱ በጣም ጥቂት ለስላሳ ሳሙና ባለበት፣ በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ ይጠረጋል፤ ሲደርቅ ጥቂት ጠብታ ዘይት በእጅ መዳፍ ይታሻል፤ ትርፉ ወዲያው ይጠረጋል። አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ ግድ ነው። የተልባ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ሲደርቅ ሙቀት ያመነጫል፤ ተጨማድዶ ጥግ ከተጣለ ማንም ክብሪት ሳይጭር በራሱ ሊቃጠል ይችላል። ጨርቁ ውጭ ተዘርግቶ ይደርቃል ወይም ውሃ ውስጥ ተነክሮ ይጣላል።

የማሽን ዘይት የጠጣ እንጨት ላይ ተልባ አይቀባም፤ አይደርቅም። መጀመሪያ የጠመኔ ዱቄት በአልኮል ለውሶ መለጠፍና ሲደርቅ መጥረግ ያስፈልጋል። ዱቄቱ ዘይቱን ይስባል፤ እስኪነጣ ይደጋገማል። የተሰነጠቀ እንጨት ቢጣበቅ በሙቅ ውሃ ሊፈታ የሚችል የቆዳ ሙጫ ይመረጣል። ኢፖክሲ ይጠነክራል፤ ነገር ግን ነገ የተሻለ የሚያውቅ ሰው ቢመጣ ሥራችንን መፍታት አይችልም።

ቆዳው

አሁን ወደ አስኮ እንመለስ። የዛሬ ጫማ፣ ቦርሳና ጃኬት አብዛኛው የሚለፋው በክሮሚየም ጨው ነው፤ ዘዴው ዓለምን የያዘው ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ ነው። የቀድሞ ወታደር ዝናር፣ ማንገቻና አፎት ግን በአብዛኛው ከዛፍ ልጣጭና ከቅጠል በሚገኝ ታኒን የለፋ ነው። ጫፉ ሲታይ ሁለቱ ይለያሉ፦ በክሮም የለፋው መካከሉ ግራጫ ወይም ሰማያዊ ያዘለ ሲሆን በዕፅ የለፋው ከዳር እስከ ዳር ቡናማ ነው። በተደበቀ ቦታ አንድ ጠብታ ውሃ ቢያርፍበት በዕፅ የለፋው ፈጥኖ ጠጥቶ ይጠቁራል።

ልዩነቱ የሚታየው ሙቀትና ውሃ ሲነካው ነው። በክሮም የለፋ ቆዳ ለፈላ ውሃ የቀረበ ሙቀት ይችላል። በዕፅ የለፋ አዲስ ቆዳ ረጥቦ ከ70 እስከ 85 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ይኮማተራል፤ ያረጀው ደግሞ ከዚያ በጣም ባነሰ። የጫማ ሰፊው ልማድ፣ ማለትም ቆዳውን አርሶ ወጥሮ ፀሐይ ላይ ማድረቅ፣ ለአዲስ ጫማ ይሠራል። ያንኑ ልማድ ለመቶ ዓመት ዝናር ማዋል ዝናሩን ያደርቀዋል፣ ያሳጥረዋል፣ ይሰባብረዋል። ሙያተኛው ጥፋት የለበትም። የተማረው ሌላ ቆዳ ነው።

ቅባትስ? ሰው ሁሉ «ቆዳው ደረቀ፤ ቅባት ጠጥቶ ይለስልስ» ይላል። የጉሎ ዘይት፣ ቅቤና የፈረስ ዕቃ ቅባት ለሚሠራበት ቆዳ ተገቢ ነው፤ ኮርቻው በየቀኑ ይታጠፋል፣ ዝናብ ይመታዋል። ለማይሠራበት ዕቃ ግን ትርፉ ያነሰ ነው። ዘይቱ ለጥቂት ወራት ያለሰልሳል። ከዚያ ራሱ ከአየር ጋር ተዋህዶ ይጠነክራል፣ ቆዳውን ያጠቁራል፣ አቧራ ይይዛል፣ ሻጋታ ያበላል። በዚህ ምክንያት የዛሬ የሙዚየም ባለሙያዎች ቆዳ ዘይት መቀባትን ከሞላ ጎደል ትተውታል። የደረቀ ማንገቻ ደረቅነቱን እንደያዘ፣ ሳይታጠፍ፣ ተዘርግቶ ቢቀመጥ ዕድሜው ይረዝማል።

ዘለበቱና የጥይት ኪሱ ቁልፍ ላይ የሚታየው አረንጓዴ ሰም መሰል ነገርም ከዚሁ ቅባት የተወለደ ነው። የቅባቱ አሲድ ከናሱ መዳብ ጋር ተዋህዶ የመዳብ ሳሙና ይሆናል። በእንጨት ስንጥር ተፍቆ ይነሣል፤ ውሃም አሲድም አያስፈልገውም። ናስን በሎሚና በአመድ ማብራት የቆየ የቤት ዘዴ ነው፤ ከቆዳ ጋር በተሰፋ ናስ ላይ ግን ሎሚው ወደ ቆዳው ሰርጎ ይቀራል፣ አመዱም ታኒኑን ያበላሻል።

አንድ በሽታ ፈውስ የለውም። በዕፅ የለፋ አሮጌ ቆዳ ፊቱ ቀይ ቡናማ ዱቄት ሆኖ ልብስ ላይ የሚራገፍ ከሆነ ቃጫው በአሲድ ተበልቷል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ለንደን ውስጥ የመጻሕፍት ጥራዝ ቆዳ ለምን እንደሚፈርስ ያጠና ኮሚቴ ከምክንያቶቹ አንዱ የመብራት ጋዝ ጭስ መሆኑን ለይቷል፤ ከአየር የሚመጣ ድኝ ቆዳው ውስጥ አሲድ ይሆናል። እንዲህ ያለ ቆዳ ላይ ውሃም ቅባትም ቢደረግ ያጠቁረዋል፣ ያጠጥረዋል። ባለሙያ በአልኮል የሚሟሟ ማጠናከሪያ ሊያጠጣው ይችላል፤ ባለቤቱ ግን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ ከመንካት መቆጠብ ይበቃዋል።

የማይነካው

በቅርብ ዓመታት ከኢትዮጵያ የወጡ አሮጌ ካርካኖዎች፣ ቬተርሊዎች፣ ማውዘሮችና ካርቢኖች በአሜሪካ ገበያ ለሰብሳቢዎች ሲሸጡ ታይተዋል። በዚያ አገር ሕግ እስከ 1898 እ.ኤ.አ. ድረስ የተሠራ ጠመንጃ እንደ ጥንታዊ ዕቃ ስለሚቆጠር ለቬተርሊ ፈላጊ አይጠፋም። ከገዢዎቹ ብዙዎቹ ዕቃው ሲደርሳቸው የሚያዩት የተሰነጠቀ ሰደፍ፣ በሽቦ የታሰረ አንገት፣ በቆርቆሮ የተለበጠ እንጨት፣ በጠፍር የተጠቀለለ እጀታ ነው። አንዳንዱ ያንን ሁሉ አውልቆ፣ እንጨቱን ልጎ፣ ከፋብሪካ እንደወጣ አስመስሎ ያድሰዋል።

«ሲያጌጡ ይመላለጡ» የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ቬተርሊ ከነፋብሪካ ገጽታው በጣሊያን ሙዚየሞች አለ። በኢትዮጵያ እጅ የተጠገነ ቬተርሊ ግን ከኢትዮጵያ በቀር ከሌላ አገር አይመጣም። ጠፍሩ ያልለፋ ጥሬ ቆዳ ሲሆን ረጥቦ ይጠመጠማል፤ ሲደርቅ ራሱን አጥብቆ የተሰነጠቀውን እንጨት ያቆራኛል። አልጋና የእርሻ ዕቃ የሚያስረው ያው ጥበብ ጠመንጃ ላይ ሲታይ ጠመንጃው የገበሬ መሣሪያ እንደነበረ ያስረዳል። ይህ ጥገና የዕቃው ታሪክ አካል ስለሆነ አይፈታም፤ ውሃ ከነካው ደግሞ ስለሚላላ በደረቅ ብሩሽ ብቻ ይጸዳል። ጠፍሩን እንደ ሦስተኛ የቆዳ ዓይነት መቁጠር ይገባል፦ አልለፋም፣ ስለዚህ ዘይትም አይጠጣም።

በሰደፉ ላይ የተቀረጸ መስቀል፣ ስም ወይም ቁጥር፣ በማንገቻው ላይ የተሰፋ ቁራጭ፣ በዝናሩ የተቀየረ ክር ሁሉ በዚሁ ሚዛን ይታያል። ይህ ከቅንነት የመነጨ ምክር ብቻ አይደለም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ላይ የሚደረግ ጥገና በቅርስ ባለሥልጣን አስቀድሞ እንዲፈቀድ ይጠይቃል። በየአብያተ ክርስቲያናቱ ዕቃ ቤት ለስለት የተሰጡ ጠመንጃዎችና ዝናሮች ላሏቸው ገበዞች ይህ ዋና ቁም ነገር ነው።

አቀማመጥ

ከጽዳቱ ይልቅ ዕድሜ የሚወስነው አቀማመጡ ነው። አስኮ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ ያለ፣ ክረምቱ የሚጠና ሰፈር ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም የጭቃና የድንጋይ ግድግዳ እርጥበት ይይዛል። የአየሩ እርጥበት ከ65 በመቶ ሲያልፍ ቆዳ ላይ ሻጋታ ይነሣል፤ በበጋው እጅግ ሲወርድ ደግሞ እንጨቱ ይሰነጠቃል። ለሦስቱም በጋራ የሚመከረው ከ45 እስከ 55 በመቶ ነው። ስለዚህ ጠመንጃው ከውጭ ዝናብ ከሚመታው ግድግዳ ይራቅ፤ በተቆለፈ ቦታ ተኝቶ ወይም አፈሙዙ ወደ ታች ሆኖ ይቀመጥ። ላስቲክ እርጥበትን ስለሚያፍን አይጠቀለልበትም። በአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘው እርጥበት የምትመጥ ትንሽ ከረጢት ግን በሣጥኑ ውስጥ ብትቀመጥ ትጠቅማለች።

ከሁሉ በላይ ጠመንጃው በቆዳ ማኅደሩ ውስጥ፣ ሳንጃውም በአፎቱ ውስጥ መቀመጥ የለባቸውም። ማኅደሩ ለጉዞ የተሠራ ነው፤ ውስጡ የያዘውን አሲድና እርጥበት ቀን ከሌሊት ለብረቱ ያቀብላል። ግንቦት መጨረሻና ጥቅምት መጀመሪያ፣ ማለትም ክረምቱ ከመግባቱ በፊትና ከወጣ በኋላ፣ ሁሉም ተዘርግቶ ቢታይ ችግሩ ሥር ሳይሰድ ይደረስበታል።

አስኮ ቆዳ የሚያውቁ እጆች አሉት፤ የጎደለው አሮጌ ቆዳን እንደ አሮጌ የሚይዝ ሥልጠና ነው። የቅርስ ባለሥልጣንና የቆዳ ሙያ ማሠልጠኛዎች ይህን አንድ ኮርስ ቢያዘጋጁ የሚጠቀመው የጠመንጃ ባለቤት ብቻ አይደለም፤ የብራና ማኅደር፣ የኮርቻና የጋሻ ባለቤቱም ነው። እስከዚያው ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚይዝ አንባቢ ይህን ይያዝ፦ ፈቃዱ ካለዎት ዛሬውኑ ማንገቻውን ከጠመንጃው ይፍቱ፣ ሳንጃውን ከአፎቱ ያውጡ፣ ለየብቻ ያስቀምጡ። ገንዘብ አይጠይቅም፤ ከማንኛውም ቅባትም ይበልጥ ያድናል።